የቀድሞ ምራት ጓሮ

ሰኔ 9

ለማከብርዎ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እንዳያስቡ ብዬ አይደለም። በልቼ አድራለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ሥራ እገባለሁ፤ ደህና ነኝ ማለት ይኸው ነው።

አስቀድሞ ይቅርታ። «እንደደረስሽ ጻፊልኝ» ብለውኝ ነበር፤ ዘገየሁ። ወረቀት አወጣና «እማዬ» ብዬ ስጀምር እጄ ይቆማል። ከልጅዎ ጋር ተፋትቼ እርስዎን በምን አንደበቴ እማዬ እላለሁ? «ወይዘሮ» ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር የማወራ መሰለኝና ቀደድኩት። «አማቴ» ያልኩት ሌላ ስላጣሁ ነው።

በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ በላኩልኝ ወረቀት ስለ ቤቱ ጠይቀውኛል። አይ፣ አያፈስም። ካከራዬ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ቆርቆሮዋ አዲስ ነው። ዝናብ ሲወርድባት ሬዲዮም አይሰማ፣ ሐሳብም አይሰማ፤ እሱን ወድጄላታለሁ። መስኮቷ ሥር የልብስ ማስጫ ሽቦ የተዘረጋባት ቁራጭ መሬት አለች። አከራዬ «የፈለግሽውን አድርጊባት» ብለውኛል። ሥራዬም ያው የድሮው ነው፤ መነጽር ቤት ጓዳ ቁጭ ብዬ መስታወት እየሞረድኩ ፍሬም ውስጥ እከታለሁ። አዲሱ አለቃዬ ደህና ሰው ነው። ባልሽ የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ያቀበሉኝን ፌስታል የከፈትኩት በማግስቱ ነው። እርጥብ ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ውስጥ ሥር፣ ቅርንጫፍ፣ በወረቀት የተቋጠረ ዘር። ክፍሏ ሎሚ ሎሚ ሸተተችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ግን እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት ከጓሮዎ ቅጠል መቁረጥ እንጂ መትከል መች አውቃለሁ! የቱ ምን እንደሆነ እንኳ አልለየሁም። ሁሉንም የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክሬ አስቀምጫለሁ። ምን ላድርጋቸው?

አክባሪዎ


ሰኔ 21

ዓይኔ፣

«ለማከብርዎ አማቴ»! ፖስታውን ስከፍት የውሃ ክፍያ ማስጠንቀቂያ የመጣብኝ መሰለኝ። ስሚ፣ ዳኛው ያፋታው አንቺንና እሱን ነው። እኔን ማን ጠርቶ ጠየቀኝ? እኔ አልፈታሁሽም። እማዬ በይኝ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

አሁን ቶሎ ብለሽ ከሳፋው አውጫቸው! ዓሣ መሰሉሽ እንዴ? ያ ቅጠሉ ረዥሙ ጠጅ ሳር ነው። ከላይ ቆርጠሽ አንድ ስንዝር አስቀሪለት፣ ሥሩን ቅበሪው፣ ነጩ አንገቱ ከአፈር በላይ ይቅር። ውሃ ይወዳል፤ አትንፈጊው። ዘሩ የዚያ ናና የሚመስለው፣ ሲያሹት ሎሚ ሎሚ የሚለው ነው። እሱን እንዳትቀብሪ። አፈር ላይ በተን በተን አድርጊና በመዳፍሽ ጫን በዪው፤ ብርሃን ካላየ አይበቅልም። ከበቀለ ወዲያ ግን እንደ ሐሜት ነው፤ ግቢውን ይወርሰዋል። ታችዋ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ዝሪው። እንጨት እንጨት የሚለው የቁጥቋጦው ቅርንጫፍ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ አጠገብ ትከዪው። የእሱ ሽታ ከሁሉም ይበልጣል፤ ድሮ ሆቴል አንሶላ ክፍል ስሠራ በየአንሶላው መሐል የምንከተው እሱን ነበር። እንግዶቹ «ሳሙናችሁ ምንድን ነው?» ይሉናል፣ እኛ አንናገርም። ያቺ ሎሚ የምትሸተው ትንሿ ጦስኝ ግን ኩሩ ናት። ውሃ አታብዢባት። ባባበልሻት ቁጥር ትሞታለች።

ስለ እሱ አንድ ቃል አልጠየቅሽኝም። ጤናው ደህና ነው። ከዚህ የበለጠ እኔም አልጠየቅኩትም፤ በገዛ ቤቴ የማልጠይቀው ነገር በዝቷል።

ስለ ማልቀስሽ፦ አልቅሺ። ብቻ ተክሎቹ ላይ አይሁን፤ ጨው አይወዱም።

እናትሽ


ኅዳር 24

እማዬ፣

የመስከረሙ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው» ብዬ ልዋሽዎ ነበር። አልዋሽም። አንብቤ ትራሴ ሥር ከተትኩትና ብዙ ቀን ያንን ትራስ ሳልንተራስ አደርኩ።

ልጅዎ ማግባቱን ራስዎ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ከመንገደኛ አፍ ብሰማው ኖሮ ወድቄ ነበር። «ምን ተሰማሽ?» ላሉኝ፣ መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። የአንድ ሽማግሌ መነጽር እየሞረድኩ ነበር፤ እሱን ጨረስኩ፣ ወለወልኩ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩ። ቤት ገብቼ ለራት ሁለት ሰሃን ማውጣቴን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ደብዳቤሽን ከእንግዲህ በዳቦ ቤቱ በኩል ላኪው ያሉኝም አልከፋኝም። አዲስ ሙሽራ ባለችበት ቤት የእኔ እጅ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ መግባቱ ደግ አይደለም። ጎረቤትዎን፣ ባለ ዳቦ ቤቷን፣ ያመስግኑልኝ። ሙሽራዋ ምን ዓይነት ሰው ናት፣ ቆንጆ ናት ወይ ብዬ ልጠይቅዎ አልኩና ተውኩት፤ ብጠይቅም አይመልሱልኝ።

ጓሮዬን ልንገርዎ። ጦስኟን ገደልኳት። ኩሩ ናት ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ጠዋት ማታ አጠጣኋት፣ ሥሯ በሰበሰ። ጠጅ ሳሩ ለምልሟል፤ ጣቴን ስለቆራረጠኝ አለቃዬ «ድመት ገዛሽ እንዴ?» አለኝ። ናና መሳዩ ከባልዲው ተርፎ ወደ አከራዬ ደጃፍ እየሄደ ነው። ጉድ የሠራኝ ቁጥቋጦው ነው። ብርዱ ገባ ሲል ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። አሁን ደረቅ እንጨት ነው። አከራዬ «ሞቷል፣ ንቀይው» ይሉኛል። ልንቀለው? የእርስዎስ? የእርስዎም ረግፏል?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ዓይኔ፣

እንዳትነቅዪው! ብርድ ሲነካው ቅጠሉን ይጥላል እንጂ አይሞትም። ግንዱን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካየሽ በሕይወት አለ። እግሩን ደረቅ ቅጠል አልብሺውና ተይው። ለጦስኟ አትዘኚ፤ እኔም የመጀመሪያዬን ገድያለሁ።

የእኔ ጓሮ ደህና ነው። እንደ ልማዱ።

ዛሬ አላስረዝምም። ስቆፍር ውዬ መዳፌ ተልጧል፣ እስክሪብቶ አልያዝልሽ አለኝ። በብርድ ምን ቆፈራ ነው አትበዪኝ፤ የአሮጊት ሥራ አያልቅም። «ተቆጥተሽ ነው ያሳጠርሽው?» እንዳትዪም። ባንቺ አልቆጣም። ብርድ ልብስ ጨምሪ።

እናትሽ


ሚያዝያ 14

እማዬ፣

ያን «ሞቷል» የተባለ ቁጥቋጦ አሁን ቢያዩት! ከግንዱ እስከ ጫፉ ቅጠል ለብሷል። አከራዬ እያለፉ እያገደሙ ያሸቱታል፤ «ንቀይው» ያሉትን ረስተውታል፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ሰው ማየት ጀመርሽ ወይ ላሉኝ፣ ጀምሬያለሁ፤ ሰው ማለቴ ደንበኛ ነው፣ ሌላ እንዳያስቡ። ድሮ ከጓዳ አልወጣም ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ከናና መሳዩ አንድ እስር ቆርጬ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ውስጥ አኖራለሁ። መነጽር ሊሞክር የመጣ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። አንዷ ሴትዮ «ይሄ ሽታ አብሮት ከመጣ ሁለት እገዛለሁ» አለች። ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄን ሳውቅ ደነገጥኩ።

ለቅርብ ማያ ያዘዙኝን አዲሱን መነጽር ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መርፌ ክር ማስገባት አቃተኝ ብለዋል። ምን እየሰፉ ነው? ድሮ ስፌት አይጠሉም ነበር እንዴ? የካልሲዎን ቀዳዳ እኔ አይደለሁ የምደፍንልዎት?

አንድ ነገር ልለምንዎ። ይምጡልኝ። ትርፍ ፍራሽ አግኝቻለሁ። ቤቴን ማንም ዘመድ አላየውም። ያሳደጉትን ነገር አንድ ቀን መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ተክሉንም፣ እኔንም።

ልጅዎ


ግንቦት 9

ዓይኔ፣

እመጣለሁ! ደብዳቤሽን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አንብቤ ዳቦዬን ረስቼ ወጣሁ። ሰኔ 5 በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የምነሳው። ቤት ውስጥ «እህቴ ጋ እሄዳለሁ» እላለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ ልዋሽ ነው። ፍራሹ ወፍራም ይሁን፣ ወገቤ ያው ነው። ምንም እንዳታበስዪ፣ አብረን እንሠራለን።

መነጽሩ ልክ ነው። የመርፌ ቀዳዳ እንደ በር ሆኖልኛል። ምን እንደምሰፋ ጠይቀሻል፤ ጨርቅ ነው። ሰው ጨርቅ አይሰፋም?

የእኔን ጓሮ ደግሞ በየደብዳቤሽ አትጠይቂኝ። ደህና ነው አልኩሽ እኮ።

እናትሽ


ሰኔ 6

እማዬ፣

ምን ሆኑብኝ? አደራ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ በአንድ መስመር ይመልሱልኝ።

ትናንት ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጄ መናኸሪያ ሄድኩ። መንገድ ያቅለሸልሽዎታልና የሚያሸቱት ብዬ ከቁጥቋጦው አንድ እስር ይዣለሁ። አውቶቡሱ ገባ። ሰው ወረደ። በነጠላ የተሸፋፈኑ አንዲት እናት ሲወርዱ እርስዎ መስለውኝ ሮጬ ሻንጣቸውን ያዝኩ፤ ሌባ መስያቸው ጮኹብኝ። ሾፌሩ በሩን ሲዘጋ «እናቴ ውስጥ ቀርታለች፣ ተኝታ ይሆናል» አልኩት። ደጉ ሰው ከፍቶ አስገባኝ። እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄጄ አየሁ።

የከሰዓቱንም ጠበቅሁ። ቅጠሉ እጄ ላይ ጠወለገ። ስመለስ አከራዬ «እናትሽስ?» አሉኝ፤ «ነገ» አልኳቸው። ዛሬም «ነገ» ብያለሁ።

ልጅዎ


ሰኔ 22

ዓይኔ፣

አለሁ፤ አትደንግጪ። ይቅር በዪኝ። ያን ቀን ጠዋት ከደጃፌ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ። ተቀመጥኩ፣ በዚያው ቀረሁ። የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረም። አሁን ይሻለኛል፤ ግን መንገድ አይሆንልኝም፤ እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ።

መናኸሪያ የሆንሽውን ሳነብ አንጀቴን በላሽው። ሌላ ምን እላለሁ? ናና መሳዩን ሳያብብ ቁረጪው፣ ካበበ ሽታው ይቀንሳል።

እናትሽ


ኅዳር 11

እማዬ፣

ለብዙ ወር ከእርስዎ የመጡት ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው፤ ሁለቱም ስለ አትክልት። ትናንት ደግሞ የመነጽርዎ ጥቅል ደረሰኝ። «ተቀምጬበት ነው፣ አስተካክዪልኝ» ብለዋል።

እማዬ፣ እኔ እኮ እንጀራዬ ይህ ነው። የተቀመጡበት መነጽር ይጨፈለቃል ወይ አፍንጫው ላይ ይሰበራል። የእርስዎ ግን አንድ ክንፉ ወደ ውጭ ተለጥጧል፣ ማጠፊያውም ላልቷል። እንዲህ የሆነ መነጽር በየሳምንቱ ይመጣልኛል። የሚያመጡት አያቶች ናቸው። ሲያቅፉት ሕፃኑ ከፊታቸው መንጭቆ የወሰደው ነው። ሲያስረክቡኝ ሁሉም ያዝናሉ፤ ፊታቸው ግን ይስቃል።

መስታወቱን ልወለውል ብርሃን ላይ አነሳሁት። በውስጡ በኩል የጣት አሻራ አለ። ጣቷ ይሁን ጣቱ አላውቅም፤ የሩዝ ፍሬ ያህላል። ወለወልኩት፤ ሥራዬ ነው።

የተወለደው ሰኔ 5 ነው፣ አይደል? ጉልበትዎ አልነበረም።

ልጅ መወለዱ አይደለም የጎዳኝ። ጎድቶኛል፣ አልዋሽም፤ ግን እሱ የእግዜር ሥራ ነው። እኔን የገደለኝ፣ መናኸሪያ ቆሜ ሞተው ይሆን ብዬ እግዜርን ስለምን፣ እርስዎ ሕፃን አቅፈው ከእኔ መደበቅዎ ነው። ይህን መስማት የማልችል ደካማ አደረጉኝ? እውነቱን ይንገሩኝ። ሁሉንም፤ በአንዴ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 1

ዓይኔ፣

ሁሉንም በአንዴ ብለሻል። እሺ።

ሴት ናት። ያን ቀን ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ደጃፍ ስደርስ የልጄ ሚስት ከኋላዬ «እትዬ!» ብላ ጮኸች። ዞር ስል ግድግዳ ይዛ ቆማለች፣ ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። ጊዜዋ ገና ነበር። ልጄ ሥራ ሄዷል። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ቦርሳዬን እዚያው ጣልኩት። ሐኪም ቤት ስንደርስ አውቶቡሴ መሄጃው ደርሶ ነበር፤ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ አይቼ አንቺን አሰብኩ፣ ወዲያው እሷ እጄን ጨበጠችኝ። እስክትወልድ አልለቀቀችኝም። እናት የላትም ዓይኔ። ያንቺንም እጅ ሐኪም ቤት ይዤ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ባዶ እጃችንን ነበር የተመለስነው። ሁለቱ ቀኖች ተደበላለቁብኝ። ሕፃኗን ሲሰጡኝ ያለቀስኩት ለየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም።

ጓሮዬንም ላውጣው። ጓሮ የለኝም። ነፍሰ ጡር እንደሆነች የሎሚ ሽታ ጠላት ሆነባት። መስኮት ስትከፍት ታስመልሳለች፤ ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ንቀይልኝ አላለችኝም። ስትከሳ እያየሁ አላስቻለኝም። ጠጅ ሳሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ነቀልኩት። መዳፌ ተልጧል ያልኩሽ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የመከርኩሽ ሁሉ ከጭንቅላቴ ነው። አንቺ «የእኔ እንዲህ ሆነ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ያንቺን ጓሮ እንደ ራሴ እያሰብኩ አነብ ነበር።

ለምን አልነገርኩሽም? አንቺ መሳቅሽን ጻፍሽልኝ። «ሳቅሁ» ብለሽ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ይህን እንዴት ልመልስ? ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አሳደርኩት። ያደረ ነገር ደግሞ ይከብዳል።

አንድ ነገር ይቀራል። ስሟን አትጠይቂኝ። ያወጣላት ልጄ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ስሙን ሲናገር ሰምቼ ከክፍሉ ወጣሁ። ሚስቱ ስሙ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ ደስ ብሏት ተቀበለችው። እኔ ግን አፌ አልተፈታልኝም፤ እስከ ዛሬ «ሚጢጢ» ነው የምላት። ምራቴ «እትዬ፣ ስሟን ለምን አይጠሩትም?» ብላ ጠይቃኛለች። ምን ልበላት?

ቂም ከያዝሽብኝ እወቂልኝ፣ ቂም ይገባኛል። ልምጣና እግርሽ ላይ ልውደቅ?

እናትሽ


ታኅሣሥ 13

እማዬ፣

መነጽሩ ተስተካክሏል፤ ማጠፊያውን ቀይሬዋለሁ። ሲያቅፏት ያውልቁት።

እግሬ ላይ መውደቅ ምን ማለት ነው? ዘመዶችዎ ተሰብስበው «ምራትሽ እስከ መቼ ነው?» ሲሉዎት «ምራቴ ዛፍ ናት እንዴ ፍሬ የምትጠየቀው?» ብለው ከሳሎን ያስነሷቸው ሰው ነዎት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱን እየበላሁ ነው የኖርኩት። ቂም የለኝም።

ስሙን አውቄዋለሁ። ለማወቅ አልተቸገርኩም። ገና የተጋባን ሰሞን፣ ቀለም ልንቀባው ያሰብነው ግድግዳ ፊት ቆመን፣ ለምንወልዳት ልጅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ «ረዘመ» ብሎ ተከራከረኝ፤ «ስታድግ ያጥርላታል» አልኩት። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ሥራ ላይ አንድ መስታወት ሰበርኩ። አለቃዬ ስብርባሪውን አብሮኝ ለቀመ። ሁለት ቀን ልጅዎን ረገምኩት። በሦስተኛው ቀን ደከመኝ። ምናልባት ሌላ የሚያውቀው ስም አልነበረውም። ያን ሁሉ ዓመት ሴት ልጅን ሲያስብ በዚያ ስም ነበር የሚያስበው፤ እንደ እኔ።

አሁን የምልዎትን በደግ ይስሙኝ። ከእንግዲህ አይጻፉልኝ፤ ይህንንም አይመልሱልኝ። እርስዎ ከጻፉ እኔ እመልሳለሁ፤ ከመለስኩ የዚያን ቤት ዜና መጠበቅ አይለቀኝም። ጥርስ አወጣች፣ ቆመች፣ ሄደች እያልኩ በፖስታ ላሳድጋት ነው፤ አልችልም። አዲሷ ምራትዎም ብትሆን አማቷ ዳቦ ቤት ተደብቃ ደብዳቤ ስትቀበል ኖራ አንድ ቀን ብትደርስባት ምን ይሰማታል? እናት የላትም ብለውኛል። እንግዲያው ሙሉ እናት ይሁኑላት።

ከጓሮዬ ሥር ነቅዬ ልልክልዎ ጀምሬ ነበር፤ ጋዜጣውንም አርሼ። ተውኩት። ከእኔ የሄደ ነገር እዚያ መስኮት ሥር ባይበቅል ይሻላል። ሽታውን አሁን ትችለው እንደሆነ ይጠይቋትና አብራችሁ ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። የምትቆፍረው እሷ ትሁን፤ እርስዎ መዳፍዎን አያስልጡ።

ስለ እኔ አይስጉ። አከራዬ ከሽቦው ወዲያ ያለውን መሬት ጨምረውልኛል። ጦስኝ እንደገና ልሞክር ነው።

እና ልጅቷን በስሟ ይጥሯት። ልጅ አያቷ ስሟን ሳትጠራት አትደግ። አፌ አልተፈታልኝም ብለዋል፤ በእኔ ምክንያት ከሆነ እኔ ፈትቼዎታለሁ። ዛሬ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ፣ አከራዬ ሳይነሱ፣ ስሟን ጮክ ብዬ አንድ ጊዜ ጠራሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ ሳይወጣ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ከእንግዲህ የእርስዎ ነው።